ግንዱ የማን፣ ቅርንጫፉ የማን? የዛፍ ምልመላ ታሪክ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ ያነሰ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ጓሮ ዛፍ፣ ቅርንጫፉንም ስለሚቆርጠው ሰው ነው። ይሁን እንጂ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ አንድ ዛፍ ተመልምሎ መቆየቱ ወይም ከሥሩ መገንደሱ የመሬት ታሪካችንን በአጭሩ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ። የምከራከረውም ይህንን ነው፦ ሰው ዛፉን የሚመለምለው ነገም የእርሱ እንደሚሆን ሲተማመን ነው፤ መተማመኑ ሲላላ ምሳሩን ወደ ግንዱ ያዞራል። የጎደለው ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ዕውቀት ብቻ አይደለም።

ከቋንቋው ልነሣ። አማርኛ ለዛፍ ቆረጣ ያለው ግስ አንድ አይደለም። «ዘነጠፈ» ቅርንጫፉን በእጅ ሰብሮ ማውረድ ነው፤ ልጡን ይዞ የሚወርደው ዝንጣፊም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። «መለመለ» የጎን ቅርንጫፎችን እየለዩ በመሣሪያ ማስወገድ ነው። «ከረከመ» ጫፍን ማስተካከል፣ «ገነደሰ» ደግሞ ግንዱን ራሱን መጣል ነው። ዛሬ «ምልመላ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የሠራተኛ ወይም የወታደር ምልመላ ነው። በሁለቱም ውስጥ ግን አንድ አሳብ አለ፤ የሚቀረውንና የሚሄደውን መለየት። ይህ የቃላት ልዩነት የሥራ ልዩነትን የሚያውቅ ኅብረተሰብ እንደ ነበረን ምስክር ነው።

ሳይንሱም ይህንኑ ልዩነት ይደግፋል። አሜሪካዊው የደን በሽታ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ብዙ ግንዶችን ሰንጥቆ ከመረመረ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ዛፍ እንደ እንስሳ የቆሰለ አካሉን አድኖ እንደማይተካ፣ ይልቁንም የተጎዳውን ክፍል በውስጥ አጥሮ ከጤናማው እንደሚለየው ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው እብጠት ሳይነካ፣ ከእርሱ ጥቂት ወጣ ብሎ መቆረጥ አለበት። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን ደግሞ አስቀድሞ ከሥሩ በኩል ይነከሳል፤ አለዚያ በክብደቱ ሲወርድ የግንዱን ልጥ ይዞ ይሄዳል። የተዘነጠፈ ዛፍ የሚበሰብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅርንጫፍና መንግሥት

በጎንደር ዘመን ቅርንጫፍ የመንግሥት ጉዳይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቀንጠፋ ስለሚባለው እሾህ በጻፈው ክፍል፣ ንጉሥ ለጉዞ ሲነሣ በየአቅጣጫው ያለው ቀንጠፋ እንዲቆረጥ አዋጅ ይነገር እንደ ነበር ይገልጻል። ንጉሡ ወዴት እንደሚሄድ ስለማይታወቅ መንገዱ ሁሉ መጠረግ ነበረበት። በአንድ ወቅት የንጉሡን ልብስ እሾህ ስለ ያዘው የአካባቢው ሹም ሞት እንደ ተፈረደበትም ብሩስ ተርኳል። እኔ ከዚህ ትረካ የምወስደው፣ መንገድ ዳር ያለው ቁጥቋጦ መቆረጡ የገበሬው ምርጫ ሳይሆን ግዴታ እንደ ነበረ ነው።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያው ግዴታ በጋይንት ላይ በሌላ መልክ ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት ያሠሯቸውን መድፎች፣ ትልቁን ሴባስቶፖልን ጨምሮ፣ ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ መንገዳቸው በጋይንት አድርጎ ወደ ጨጨሆና ወደ ዋድላ ደጋ የሚወጣው ነበር። መንገዱ ገና የሚሠራ ስለ ነበር ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ቁጥቋጦው እየተመነጠረ፣ ሠራዊቱ በወራት ጉዞ አለፈ። መድፍን ለሚያቀልጥ ምድጃ የሚሆነውም ከሰል ከደን የሚገኝ ነው።

ይህን ስል ግን «አባቶቻችን ደን ጨረሱ» ወደሚለው ቀላል ትረካ መውረድ አልሻም። የአሜሪካ ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት፣ ኢትዮጵያ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ የደን ሽፋን ወደ ጥቂት በመቶ ወረደች የሚለው አባባል ጽኑ ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። የሰሜኑ ደጋ የእርሻ ምድር ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጥያቄያችን መሆን ያለበት በዚህ የእርሻ ምድር ውስጥ የቀሩት ዛፎች እንዴት ቀሩ የሚለው ነው።

ጓሮ፣ ርስትና ባሕር ዛፍ

በርስት ሥርዓት ማሳ በዘመዳሞች መካከል የሚያከራክር ነገር ነበር፤ የአንድ አባት ልጅነቱን ያስመሰከረ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃልና። የመኖሪያ ጓሮ ግን ከማሳው የተሻለ ጽናት ነበረው። ስለዚህ የተንከባከቡት ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራና ጌሾ በአብዛኛው በጓሮና በአጥር ጥግ ይገኛሉ። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው የስማዳ ቆላ የግራር ቅርንጫፍ በበጋ ለፍየል መኖ፣ እሾሁም ለአጥር ይወርዳል። በጉና ዙሪያና በላይ ጋይንት ደጋ ደግሞ የቅርንጫፍ ዋጋ በሌላ ይለካል፤ ማገዶ ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፣ ኩበቱ ሲነድም ማሳው ፍግ ያጣል። እንግዲህ የተመለመለች አንዲት የእንጨት እቅፍ የገብሱ ማሳ ጉዳይ ናት።

ይህ የቅርንጫፍና የግንድ መብት መለያየት የእኛ ብቻ አይደለም። በለንደን አቅራቢያ ባለው ኤፒንግ ደን የሎውተን መንደር ነዋሪዎች በብርድ ወራት ቅርንጫፍ የመቁረጥ የቆየ መብት ነበራቸው፤ ግንዱ ግን የባለርስቱ ነበር። ባለርስቱ ደኑን ሊያጥር ሲነሣ የቶማስ ዊሊንጌል ቤተሰብ መቁረጡን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ከቤተሰቡ ሰዎች ታሰሩ። ክርክሩ ተስፋፍቶ በ1878 ደኑ ለሕዝብ እንዲጠበቅ ሕግ ወጣ፤ የመቁረጥ መብቱ ቀረና በካሣው ገንዘብ ለመንደሩ አዳራሽ ተሠራ። ስሙም እስከ ዛሬ የቅርንጫፍ ቆራጮች አዳራሽ ነው። በዚያ አገር ቅርንጫፍ የሚቆርጡ ድሆች ደኑን አዳኑት እንጂ አላጠፉትም።

በእኛ አገር ሚዛኑን የለወጠው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በእንጨት እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር የነበረችውን ዋና ከተማ ከቦታዋ እንድትጸና ረዳት። ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋዎች የደረሰው ነጭ ባሕር ዛፍ አንድ ጠባይ አለው፤ ሲገነደስ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥሩ ገበሬ ከቀንበጦቹ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮችን አስቀርቶ ሌላውን ያሳሳል። ይህም ምልመላ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ገንዳሹን ይቅር ስለሚለው፣ ወይራንና ዋንዛንም በእርሱ ዓይን ማየትን አስለመደን።

አዋጆችና መተማመን

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጡት የደን አዋጆች፣ ቁጥር 225፣ 226 እና 227፣ የመንግሥትን፣ የግልንና የጥበቃ ደንን ለያዩ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፣ በርስት አገር ላለው ገበሬ በያዘው መሬት የመጠቀም መብት አጸና። ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው ይህ አዋጅ ታላቅ ነበር፤ ለዛፍ ባለቤት ግን «በሚቀጥለው ድልድል ይህ ጓሮ ለማን ይደርሳል?» የሚል ጥያቄ ትቶ አለፈ። መልሱ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት ታየ፤ በደርግ ዘመን በዘመቻ የተተከሉ የማኅበረሰብ ደኖች በአገሪቱ ብዙ አካባቢዎች ተጨፈጨፉ። የሁሉም የተባለውን የማንም እንዳልሆነ ቆጥረውት ነበርና። ከዚያ ወዲህ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 እና የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133/1998 የይዞታ ደብተርንና በመሬቱ ላይ ለለማ ንብረት ካሣን በሕግ አኖሩ። የመተማመን መሠረት እንዲህ ባለ ወረቀት ይጀምራል።

ከወረቀት በፊት የነበረ መተማመንም አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ደን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የእንጨታማ ዕፅ ዝርያዎች መዝግበዋል። ንጉሥ ሲለወጥ፣ አዋጅ ሲለወጥ፣ የደኑ ባለቤት አልተለወጠም። የድጓ ምስክር የሆነችው የጋይንቷ ቤተ ልሔም የታወቀችው በዜማዋ ነው፤ እንደ እርሷ ያሉ ደብሮች ግን ዛፍንም በትውልድ ቅብብል አቆይተዋል። ይህም ሆኖ ጥናቱ ያሳሰበው ነገር አለ፤ ከብት ከገባ ቡቃያ አይተርፍም፣ ትልልቁ ዛፍ ሲያረጅም ተተኪ አይኖርም። በድንጋይ አጥር መከለል የተጀመረው ለዚህ ነው።

ለባለቤቱና ለባለሙያው

ዛሬ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዛፉ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከመብራት ሽቦ ጋር ተጎራብቷል። ባለቤቱ ምሳር ያለው ጎልማሳ ይጠራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ የቆራጩ ዋጋ የሚከፈለው በእንጨት ከሆነ፣ ብዙ መቁረጡ ጥቅሙ ነው። ዋጋው በገንዘብ፣ ሥራውም አስቀድሞ ተለይቶ ከሆነ ግን ትንሽ ቆርጦ ዛፉን ማቆየት ይችላል። ምልመላን ከግንደሳ የሚለየው መጋዙ ብቻ ሳይሆን ውሉም ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ተከላን መቁጠር ተምረናል። የተመለመለውን፣ የተሳሳውን፣ ከከብት የተጠበቀውን የሚቆጥር መዝገብ ግን ያስፈልገናል። ተማሪዎቼ፣ ወደየወረዳችሁ ስትመለሱ የመሬት ክርክር መዛግብትን ብቻ አትጠይቁ፤ በጓሮው ያለውን አሮጌ ወይራ ማን እንደ ተከለው፣ ማን እንደ መለመለው፣ በየትኛው ዘመን ሊገነደስ እንደ ተቃረበና ማን እንዳስቀረው ጠይቁ። እነዚያን መልሶች የያዙት አረጋውያን ሳያልፉ ልትጽፉት የሚገባ ታሪክ ነው።