ስለ ፊልጵስዩስ ከተማና ዛሬ በዙሪያዋ ስላሉ መንደሮች

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ቍጥር 12

ቅዱስ ጳውሎስ ከጢሮአዳ በመርከብ ተሻግሮ በናጱሌ ወረደ፤ ናጱሌም ዛሬ ካቫላ የምትባለው ናት። ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ፊልጵስዩስ ገባ። የዚች ከተማ የቀድሞ ስሟ ክሪኒዴስ ነበረ፤ ምንጮች ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 ዓመት የታላቁ እስክንድር አባት ንጉሥ ፊልጶስ ያዛትና በስሙ አስጠራት። በአቅራቢያዋ ካሉት ተራሮችም በየዓመቱ ከ1000 መክሊት የሚበልጥ ወርቅ ያወጣ እንደ ነበረ ይነገራል።

ከልደት በፊት በ42 ዓመት፥ ኋላ አውግስጦስ ቄሣር የተባለው ኦክታቭያኖስና እንጦንዮስ የዩልዮስ ቄሣርን ገዳዮች ብሩጦስንና ካስዮስን በዚያ ሜዳ ድል ነሡ፤ ጭፍሮቻቸውንም በከተማዪቱ አሠፈሩ። ሉቃስ ቅኝ ያላት ስለዚህ ነው። ሰዎቿም በሮማዊነታቸው ይመኩ ነበር።

ሐዋርያው በ50 ዓ.ም. ግድም በገባ ጊዜ ሹሞቿ በበትር አስመትተው በወኅኒ አኖሩት። የተቀበለችው ግን ከትያጥሮን የመጣች እንግዳ፥ ሐር ሻጭዋ ልድያ ናት። በወንዝ ዳር ቃሉን ሰምታ ከቤተ ሰቦቿ ጋር ተጠመቀች፤ ቤቷንም ከፈተችለት። ኋላ ከእስራት ሆኖ ለዚች ቤተ ክርስቲያን ሲጽፍ የክርስቲያን አገሩ ሰማይ መሆኑን ማስተማሩ፥ በምድራዊት ሮሜ ለሚመካ ሕዝብ የሚገባ ትምህርት ነበረ።

በ4ኛው መቶ ዓመት ኤጲስ ቆጶስ ጶርፊርዮስ በጳውሎስ ስም የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን ወለል በልዩ ልዩ ቀለም ጠጠር አስጌጠ፤ ስሙ የተጻፈበት ወለል እስከ ዛሬ ይታያል። ከብዙ ዘመን በኋላ የምድር መናወጥ ከተማዪቱን ጎዳት፤ ቱርኮችም አገሩን ከያዙ ወዲህ ባዶ ቀረች።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. በሎዛን በተደረገው ውል፥ ከታናሽ እስያ የወጡ የግሪክ ክርስቲያኖች በዚያ አገር ሰፈሩ። ዛሬ በፍርስራሿ አጠገብ ካሉት መንደሮች አንዱ ክሪኒዴስ ይባላል፤ ንጉሡ የሻረው ስም ተመለሰ። ሁለተኛው ፊልጵስዩስ፥ ሦስተኛው ልድያ ይባላል። በዚያም ወንዝ ዳር በልድያ ስም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ፥ ምእመናን እስከ ዛሬ ይጠመቁበታል።

እንግዲህ የንጉሡ ወርቅ አለቀ፤ የድል ነሺዎቹም ከተማ ፈረሰች። የፊልጶስ ስም እንኳ በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚነበበው እስረኛው በጻፈው መልእክት ነው። ቤቷን ለእንግዳ የከፈተችው ሴት ስም ግን ሰው በሚኖርበት መንደርና በጥምቀቱ ውሃ ዳር ይጠራል። ባለ ጸጋም ባለ ሥልጣንም ይህን አይቶ ደጁን ለእንግዳ ይክፈት።