የአበባ ዳኛና የአብቃዩ ጥቅም

በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ ሸማኔዎችና ማዕድን ቆፋሪዎች የአበባ ውድድር የሚያካሂዱት ብዙውን ጊዜ በመጠጥ ቤት ነበር። የተለመደው ሽልማት የመዳብ ማንቆርቆሪያ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ያሸነፈውን ዝርያ በደህና ዋጋ መሸጥ መቻሉ ነበር። አበባን አበጥሮ የሚያውቀው ደግሞ አብቃዩ ራሱ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚዳኘው ሰው ነገ ተወዳዳሪ ወይም ሻጭ ሊሆን ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን የአድልዎ አደጋ ያቃለለው የዳኛው ኅሊና ሳይሆን የመመዘኛው ጥብቅነት ነው። አውሪኩላ የተባለውን አበባ እንውሰድ። ከመሃል ጉሮሮው ብቅ ያለው ወንዴ ክፍሉ ከሆነ ይወዳደራል፤ የመርፌ አናት የመሰለው የሴቴ ክፍሉ ጫፍ ከታየ ግን ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ከውድድር ውጭ ነው። እዚህ ላይ ዝምድናም ውለታም መግቢያ የለውም። በዚያው በሰሜን እንግሊዝ፣ በኤግተን ብሪጅ መንደር እ.ኤ.አ. በ1800 የተመሠረተውና ጉዝቤሪ የተባለውን ፍሬ የሚያወዳድረው ማኅበር ከዚህም አልፎ ፍርዱን ለሚዛን ሰጠ፤ የሚያሸንፈው ከባዱ ፍሬ ነው፣ በቃ።

ሕጉን ያወጡትስ እነዚያው አብቃዮች አይደሉም ወይ የሚል ይኖራል። ናቸው፤ አድልዎም ከፍርዱ ወደ ሕጉ ሊሸሽ ይችላል። ሆኖም አስቀድሞ የታወቀ ሕግ በሁሉም ተወዳዳሪ ፊት የተዘረጋ ነው፤ በዳኛው ሆድ ያለውን ግን ማን ያየዋል? ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ወቀሳ ነው፦ ሚዛን ስለ ጉዝቤሪ ጣዕም የሚያውቀው ነገር የለም። ያም ቢሆን፣ ጎረቤት የጎረቤቱን አበባ በሚዳኝበት መንደር ይህን ኪሳራ መቀበል ያዋጣ ነበር።