መቅበር ለሚያውቅ ገበሬ ገፈራ ለምን እንግዳ ሆነ?

በአገራችን ስለ ከብት መኖ ሲወራ ገፈራ (ሳይሌጅ) ብዙ ጊዜ የሚነሳው በወቀሳ መልክ ነው። ሣሩ በክረምት ይትረፈረፋል፣ በበጋ ይጠፋል፤ ገበሬው ግን ለምለሙን አጭዶና ከትፎ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ጠቅጥቆ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ከብቱ በክረምት ያበጀውን ሥጋ በበጋ መልሶ ይጥለዋል ይባላል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያትም ዞሮ ዞሮ የግንዛቤ ማነስ ነው። ታሪኩን ላገላበጠ ሰው ግን ይህ ምክንያት አያስኬድም። አፍኖ መቅበርም ሆነ ማቡካት በዚህ አገር የቆየ ሙያ ነው። የጎደለው ለጉድጓዱ የሚስማማ ሣርና ለድካሙ የሚመጥን ሒሳብ ነው።

እንሰት አብቃይ በሆኑት በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያና በከምባታ ሴቶች ተጠራርተው የእንሰቱን ግንድ ይፍቃሉ፣ አምቾውን (ሥሩን) ይከትፋሉ፣ ከእርሾ ጋር ያሻሉ። ጉድጓዱን በእንሰት ቅጠል ያለብሱና የተፋቀውን ጠቅጥቀው ይሞሉታል፤ ከላይ በቅጠል ይሸፍኑታል፣ ድንጋይም ይጭኑበታል። ቆላ ቀመስ በሆነው አካባቢ በሳምንታት የሚደርሰው ቆጮ በብርዳማው ደጋ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃል። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ የቆጮ ጥናት በጉድጓዱ ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ተራ በተራ ሥራውን ሲረካከቡና መጀመሪያ 6.5 የነበረው ፒኤች (ሲወርድ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ወደ 4.2 ሲወርድ አሳይቷል። የአውሮፓ ገፈራ ሠሪም ከጉድጓዱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በሐረርጌ ደግሞ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ ማሽላ ይቀበርበታል። አየር የነፈጉትን እህል ተባይ ብዙም አይደፍረውም፤ እርጥበት የነካው ግን ግድግዳው ጥግ ይሻግታል። ስለ አየርና ስለ እርጥበት ይህን ያህል የሚያውቅን ገበሬ «ግንዛቤ የለውም» ማለት ቢያንስ ችኮላ ነው።

ገፈራ በዘመናዊ መልኩ የተስፋፋው ከአውሮፓ ነው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በሽቱትጋርት አቅራቢያ አዶልፍ ራይለን የተባለ ጀርመናዊ አረንጓዴ በቆሎን በጉድጓድ ማቆየት ያዘ። ኦጉስት ጎፋር የተባለው ፈረንሳዊ ባለ ርስት ደግሞ በ1877 እ.ኤ.አ. ስለ በቆሎ ገፈራ መጽሐፍ አሳትሞ ዘዴውን እስከ አሜሪካ አደረሰው። ፊንላንዳዊው ኬሚስት አርቱሪ ቪርታነን በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ከተጠቀሱለት ሥራዎች ዋነኛው መኖን በአሲድ የማቆየት ዘዴው ነበር። እነዚህ ሰዎች የሠሩት በቆሎና የብርድ አገር ሣር ይዘው ነው። የብርድ አገር ሣር ትርፍ ጉልበቱን የሚያከማቸው ፍሩክታን በሚባል፣ በውኃ በሚሟሟ ስኳር መልክ ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ ቶሎ ወደ አሲድ ይለውጡታል። የዝሆን ሣርን የመሰለው የሐሩር ክልል ሣር ግን በአብዛኛው የሚያከማቸው ስታርች ነው፤ ብዙዎቹ የላክቲክ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስታርችን እንዳለ መጠቀም አይችሉም። ሣሩ ለጋ ሳለ ውኃው ይበዛል፤ ሲጎለምስ አገዳው ይጠነክርና ሲጠቀጠቅ መካከሉ አየር ይቀራል። ሙቀቱ ሲታከልበት ክሎስትሪዲያ የተባሉት ባክቴሪያዎች ይነግሣሉ።

ያን ጊዜ የሚወጣው ገፈራ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የተበላሸ ቅቤ የሚሸት፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ነገር ነው። የሣሩ ፕሮቲን ወደ አሞኒያ ተለውጧል፤ በሬው ቀርቦ ያሸተውና ጥቂት በልቶ ይተወዋል። ማድለብ ከሁሉ በፊት ከብቱን ብዙ ማብላት ስለሆነ፣ የማይበላ መኖ ጥራቱ በወረቀት ላይ ቢያምርም ሥጋ አይሆንም። እንሰትስ ራሱ ስታርች የሞላበት አይደለም ወይ ሊባል ይችላል። ነው። ነገር ግን ቆጮ እርሾ ይገባበታል፣ እየተከፈተ ይታሻል፣ እንደ ሊጥ ጥቅጥቅ ስለሚል አየር መግቢያ አያገኝም፣ ለመድረስም ጊዜ ይሰጠዋል። ደግሞም ቆጮን ለፕሮቲኑ ብሎ የሚበላ የለም። በጉድጓዱ ውስጥ የሚባክነው ፕሮቲን ለባለ ቆጮው ኪሳራ አይደለም፤ ለአድላቢው ግን ዋናው ኪሳራ ነው።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ በቆሎና ማሽላም የእኛ አገር ሰብሎች ናቸው፣ ሁለቱም ግሩም ገፈራ ይወጣቸዋል የሚለው ነው። እውነት ነው። ግን ጥሩ ገፈራ የሚሆነው በቆሎ እሸቱ ሳይደርቅ፣ ፍሬው ገና ሊጥ ሳለ ከነአገዳው የታጨደው ነው። ይህ ለአሜሪካ ገበሬ የመኖ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ማሳው የቤተሰቡን ቀለብ ለሚሸፍን ሰው ግን የልጆቹን እህል ለበሬ መቅበር ይሆንበታል። የሐረርጌ ገበሬ ለዚህ እንቆቅልሽ የራሱን መልስ አበጅቷል። ማሽላውንና በቆሎውን አጥብቆ ይዘራና፣ ቡቃያው ሲያድግ እያሳሳ የነቀለውን ለበሬው ያቀርባል። ቆይቶም የታችኛውን ቅጠል እየሸለቀቀ፣ የጫት ገራባም እያከለ፣ ደጁ ላይ ያሰረውን በሬ ጭብጥ በጭብጥ በእጁ ያጎርሰዋል። ወይፈን ሆኖ የተገዛው በሬ ጥቂት ዓመት ካረሰ በኋላ እንዲህ ተቀልቦ የታወቀው የሐረር ሰንጋ ይሆናል። ገበሬው እህሉን ሳይነካ የበቆሎና የማሽላን ልምላሜ ለከብቱ አዳርሷል፤ ለማቡካት የሚወጣ ወጪም የለበትም።

ይህ ዘዴ ዝናብ ሲያበቃ ያበቃል፣ ገፈራ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው ቢባል፣ ትክክል ነው፤ የሐረርጌው ብልሃት ዋና ድክመት ይኸው ነው። ቢሆንም አንድና ሁለት በሬ ላለው ሰው ሒሳቡን መሥራት ይበቃል። አንድ ሜትር ኪዩብ በደንብ የተጠቀጠቀ ገፈራ ወደ 600 ኪሎ ይመዝናል። አንድ በሬ በቀን 15 ኪሎ ቢበላ ያንን ለመጨረስ 40 ቀን ይፈጅበታል። ጉድጓዱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አየር የነካው ፊት በሐሩር ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ በየቀኑ ወፈር ያለ ንብርብር እየተነሳለት ካልሄደ አይተርፍም። ለዚህ መፍትሔ የተባለው በትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ማዘጋጀት ነው፤ ከረጢቱ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፣ አይጥ ከበሳው ደግሞ ያለቀለት ነው። የጉልበቱ ነገርም አለ። ሣሩ ለጋና ጣፋጭ የሚሆነው በነሐሴ ነው፤ ነሐሴ የአረምና የጭቃ ወር ነው። እጅ የሚፈታው ከኅዳር በኋላ ሲሆን ያኔ ሣሩ ገለባ ሆኗል። ለድርቆሽ እንኳ ጊዜው የሚያልፍበት ገበሬ ጥቂት አይደለም።

በአዳማ ዙሪያ ያሉት ትልልቅ አድላቢዎች ደግሞ የከብት ቁጥርም ገንዘብም አላቸው፤ የሌላቸው የመኖ መሬት ነው። የቦረና ኮርማ ገዝተው ለሦስት ወር ያህል በገለባ፣ በፍሩሽካ፣ በፋጉሎና በሞላሰስ ቀልበው ይሸጣሉ። ከገፈራ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው፤ ከሩቅ በመኪና ማስመጣት ለውኃ ኪራይ መክፈል ነው። ስኳር የሌለውን ሣር የሚያድነው ሞላሰስ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወንጂ ሲወጣ ኖሯል። ነገር ግን ሞላሰስ በእጁ የገባ አድላቢ በቀጥታ ከገለባው ጋር ለውሶ ያበላዋል እንጂ፣ ሣር ላይ አፍስሶ ከፊሉን ባክቴሪያ እስኪበላለት የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።

ገፈራ በእኛ አገር ቦታ ያገኘው፣ የበቆሎ ማሳ ያላቸውና ላሞቻቸው በርከት ያሉ የወተት እርባታዎች ዘንድ ነው። በእነርሱ ዘንድ የተከፈተው ጉድጓድ ሳይግል በፍጥነት ይበላል፤ ወተቱም በየቀኑ ተሸጦ ወጪውን ይመልሳል። ሰንጋ ግን ገንዘቡን የሚመልሰው በሕይወቱ አንድ ቀን፣ ገበያ በወጣ ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ለፕላስቲክ፣ ለመክተፊያና ለጉልበት የሚያበድር አልነበረም።