ታርጋ የቀየረ ወታደር፦ የጦር ካሚዮን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መንገድ

በደርግ ዘመን ነፍስ ላወቀ የጎጃም ሰው ኢፋ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሞተሩ ከጋቢናው ሥር የተቀመጠ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ዳገት ሲወጣ ድምፁ ከጋራ ማዶ የሚለይ የጭነት መኪና ነው። ምልምል ጭኖ የሄደውም፣ እህል ጭኖ የመጣውም እሱ ነው። ብዙ እናት ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ከእንዲህ ዓይነት መኪና ጀርባ ላይ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብ ነው።

ይኸው መኪና ዛሬ ጀርመን አገር የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኗል። ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ሲዋሐዱ የምሥራቁ ጦር ፈረሰ፣ መኪኖቹም በጨረታ ተቸበቸቡ። የገዛው ሰው ቅዳሜና እሑዱን መኪናው ሥር ተኝቶ ያሳልፋል። ዝገቱን ይፍቃል፣ የተበላውን ላሜራ ያስቀጥላል፣ የተሰበረ መብራት ካለ የዚያኑ ዘመን መብራት አፈላልጎ ይገጥማል፣ ቀለሙን ወደ ቀድሞው የወታደር አረንጓዴ ይመልሳል። ከዚያ ወደ መርማሪ ባለሙያ ይወስደዋል። መኪናው 30 ዓመት ሞልቶት፣ ሲሠራ የነበረውን መልክና ዕቃ እንደያዘ ከተረጋገጠ በታርጋው መጨረሻ ላይ «ኤች» የምትል ፊደል ትጨመርለታለች፤ ታሪካዊ ለማለት ነው። ይህ አሠራር ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ አለ። ባለቤቱ የሞተሩ ትልቅነት ሳይታይ በዓመት 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ብቻ ይከፍላል፤ በጭሳቸው ምክንያት አሮጌ መኪኖች ወደማይገቡባቸው የከተማ ክልሎችም እንዲገባ ይፈቀድለታል። እንግሊዞችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው፤ የእነሱ ልክ 40 ዓመት ነው።

የዚያ መኪና መንትያ ቡሬ ላይ ቢገኝ ምን ይጠብቀዋል? ወይ እስከ መጨረሻ ትንፋሹ በቆሎ ይጭናል፣ ወይ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። «ድህነት ነዋ!» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። ትክክል ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። ምክንያቱን ለማግኘት መኪናው የቆመበትን መንገድ መመልከት ይሻላል። በዚህ መንገድ ላይ በሃምሳ ዓመት ልዩነት፣ ሁለቴም በየካቲት ወር፣ አንድ ትልቅ የሞተር ጦር አፈግፍጓል።

የመጀመሪያው የካቲት የ1933 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን የወረረው በካሚዮን ጭምር ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን አዲስ የነበሩትን የፊያትና የላንቻ የናፍጣ ካሚዮኖች አምጥቶ፣ የአድዋን ሽንፈት በጎማና በናፍጣ ሊበቀል መጣ። ጎጃም ላይ ግን ካሚዮኑ የጥንካሬውን ያህል ድክመት ሆነበት። ካሚዮን መንገድ ይፈልጋል፤ መንገድ ድልድይ ይፈልጋል፤ ድልድይ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። የጣሊያን ጦር በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በማንኩሳ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ ምሽጎች ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረውም ከመንገዱ መራቅ ስላልቻለ ነው። (ማንኩሳን ብዙ ሰው የሚያውቃት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የጦር ምሽግም ነበረች።) ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ያለው አገር የእነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የእነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አርበኞች ነበር።

በዚህ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። እሳቸውን ወደ በላያ ተራራ ለማድረስ የተሞከረው በካሚዮን ነበር። መንገድ በሌለበት ቁጥቋጦ እየተመነጠረ፣ ጎማ አሸዋ እየዋጠው፣ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየቀሩ ሄዱ። የዊንጌት የጌድዮን ጦር ሸክም የተሸከመው 15,000 ያህል ግመል ነው። ግመል ደግሞ የደጋ ፍጥረት አይደለም። በብርድና በዳገት አለቀ፤ አዲስ አበባ የደረሱት ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። በጎጃም ዘመቻ የሞተርን ሥራ የሠራው እንስሳ እንዲህ ሆኖ ቀረ፤ ለእሱም የተቀመጠ ሐውልት የለም።

ኮሎኔል ናታሌ የሚመራው የቡሬ ጦር በቁጥር ከጌድዮን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሆኖም በአርበኞች መከበቡና የመጣበት ኃይል ከእውነቱ በላይ መስሎ መታየቱ ልቡን ሰበረው። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ካሚዮኖቹንና ብረት ለበሶቹን አሰልፎ ቡሬን ለቀቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ይህ ሰልፍ ደምበጫ አጠገብ በሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ላይ ተደረመሰ። ከስደተኛ ካምፖች የተመለመሉት የዚህ ሻለቃ ወታደሮች መንገዱን ዘግተው የቆሙት ከእነሱ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ጦር ፊት ነው። ብዙ ሰው ሞተባቸው፤ ሰልፉም በላያቸው ላይ ጥሶ ወደ ደብረ ማርቆስ አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ሲሆን፣ በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ወጀት ትባል እንደነበር የሚነገርላት ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ማለትም የሰላም መንገድ፣ የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚያ መመለስ ጋር ተያይዞ ነው።

ጣሊያኑ ሄደ። ቋንቋው ግን ከመኪናው ሥር ተኝቶ ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቶርኖ ቤት፣ ጎሚስታ። ፍኖተ ሰላም ላይ ያለ የአሥራ ስድስት ዓመት የጋራዥ ረዳት ጣሊያንኛ አልተማረም፤ ቀኑን ሙሉ ግን በጣሊያንኛ ስም ሲጠራና ሲያቀብል ይውላል። የወረቀቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ታርጋ ጣሊያንኛ ነው። ቦሎ ጣሊያንኛ ነው፣ ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። ሊብሬ የምንለውም «ሊብሬቶ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያም የፊያት የጭነት መኪኖች ኤንትሬ በሚለው ስም አገሩን ሞሉት፤ እሱም «ኤን» ፊደልና የጣሊያንኛው ሦስት ቁጥር ነው። ድል ያደረገው አገር የተሸናፊውን መኪና ብቻ ሳይሆን መዝገቡንም ወረሰ። በመዝገቡ ላይ የራሱን ዓምድ ለመጨመር ግን አልቸኮለም።

ኢፋ የመጣው በቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሲንር ምሥራቅ ጀርመን የውጭ ምንዛሪ አጠራት፤ ሕዝቧም በተቀላቀለ ቡና ተማርሮ ነበር። ደርግ ደግሞ የጦር መሣሪያ ይፈልግ ነበር። በ1969 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ቬርነር ላምበርትስ የተባለው የፓርቲው ሹም ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ተስማማ፤ ቡና ወደ ጀርመን፣ መሣሪያና መኪና ወደ ኢትዮጵያ። ኢፋ ደብልዩ 50 በርሊን አጠገብ በምትገኘው ሉድቪግስፌልደ ከእ.ኤ.አ. 1965 እስከ 1990 የተሠራ ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ570,000 በላይ ወጥቷል። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 125 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ አምስት ቶን የሚጭን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ነው።

ናፍጣነቱ ዕጣውን ወሰነለት። ከሶቪየት የመጣው ዚል 131 በጦርነት ጊዜ የሚጠቅም ነገር ነበረው፤ ሹፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ የጎማውን አየር መጨመርና መቀነስ ይችላል። ግን ቤንዚን ነው፤ ስምንት ሲሊንደር ሙሉ። ለመቶ ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ገደማ የሚያቃጥል መኪና ጦር ሠራዊት ካልሆነ ማን ይቀልበዋል? ስለዚህ ጦርነቱ ሲያልቅ ዚል በብዛት በቆመበት ቀረ፤ ኢፋ ግን ሥራ አገኘ።

ሁለተኛው የካቲት የ1983 ዓ.ም. ነው። ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ ብሎ በዚያ ወር አጋማሽ ማጥቃት ሲጀምር በጎንደርና በጎጃም የነበረው የደርግ ጦር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተፈታ። አጥቂው ኃይል ባሕር ዳርን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ደብረ ማርቆስ ደረሰ፤ ከቡሬ የሚገነጠለውን መንገድ ይዞም ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ገባ። ናታሌ ቡሬን በለቀቀ በሃምሳኛው ዓመት፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ የጦር መኪኖች እንደገና ባለቤት ቀየሩ።

እዚህ ላይ ከጀርመኑ ጋር ያለው ልዩነት ቁልጭ ይላል። የምሥራቅ ጀርመን ጦር አንድም ጦርነት ሳይዋጋ የፈረሰ ጦር ነው። ያ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያድሰው ኢፋ ልምምድ አይቶ ይሆናል እንጂ ሬሳ አልጫነም። ለዚህ ነው ቀለሙን ወታደር አረንጓዴ አድርጎ ልጆቹን ጭኖ ሽርሽር መውጣት የሚችለው። ቡሬ ላይ መኪናውን በዚያው ቀለም የሚቀባው ማን ነው? ከጦር የወጣ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ቀለም ማጥፋት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ መንገዱ በሚዘጋበትና በሚከፈትበት፣ ሰው የካሚዮን ድምፅ ሲሰማ ከየት ወገን እንደሆነ ለመለየት ጆሮውን በሚያቆምበት አገር የጦር መኪና ትዝታ አይደለም፣ የዛሬ ጉዳይ ነው። ታሪኩን የኖረው መኪና እዚህ አለ፤ «ታሪካዊ» የሚል ወረቀት ያገኘው ግን እዚያ ያለው ነው።

እሺ፣ አንድ ልበ ሙሉ ሰው ተነሥቶ ላድስ ቢልስ? ብረቱ አይቸግረውም። ቶርኖ ቤት የማይሠራው ዕቃ፣ ብየዳ ቤት የማይቀጥለው ሻንሲ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ሙያው ራሱ መኪናውን ለማኖር እንጂ እንደነበረ ለማስቀረት የተፈጠረ አለመሆኑ ነው። ሞተሩ ሲያረጅ ከሌላ መኪና ይወርድለታል፣ ካምቢዮው ይለወጣል፣ ካሶኒው ይረዝማል። ጀርመን አገር ይህ ሁሉ የ«ኤች» ፊደሏን ያስከለክላል። እዚህ ደግሞ ያለዚያ ጥበብ መኪናው ከሃያ ዓመት በፊት በሞተ ነበር። ምስጋና የሚገባውን መካኒክ በአጥፊነት መክሰስ አይገባም።

የሚከብደው ወረቀቱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መኪናን የሚያውቀው በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ ነው። ሊብሬ ለማውጣት መኪናው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ዲክላራሲዮን ወይም የጨረታ ደብዳቤ። በጦርነት መሀል እጅ የቀየረ መኪና ዲክላራሲዮን ከየት ያመጣል? ሞተሩ ሦስት ጊዜ ተለውጦ ከሆነስ? ሰነዱ ተሟልቶ ቢገኝ እንኳ ሕዝቡ ለዓመታት ከሚያውቃቸው ኮዶች አንዱን ይመርጣል፦ 1 ታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት፣ 5 የድርጅት። ሠርቶ የሚያድር፣ ሰው የሚያመላልስ ወይም መንግሥትን የሚያገለግል መኪና ቦታ አለው። ምንም ሳይሠራ ምስክር ሆኖ ለመቆም የሚፈልግ መኪና በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቦሎ ለማግኘትም ከትናንት ወዲያ ከገባው ሲኖትራክ ጋር በአንድ ሰልፍ ይመረመራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ቅጣቱን ያከብዳል። ጭስን ለመቀነስ ተገቢ ሕግ ነው፤ ነገር ግን አሮጌ ከሚለው ቃል ውስጥ ታሪካዊ የሚለውን ነጥሎ አላወጣም።

አገሪቱ የመኪና ታሪክ አታውቅም ማለት አይደለም። ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት የንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢሎች ታጥበውና ተወልውለው ለሕዝብ ቀርበዋል። መልካም ሥራ ነው። ግን የተጠበቁት ንጉሥ የተቀመጠባቸው ናቸው፤ ገበሬና ወታደር ቆሞ የሄደባቸው አይደሉም። ጎረቤት አስመራ ውስጥ እንኳ የተቃጠሉ ታንኮችና ካሚዮኖች አንድ ሜዳ ላይ ተከምረው ጎብኚ ያያቸዋል። ደምበጫ አጠገብ ያ ሻለቃ በካሚዮንና በብረት ለበስ ሰልፍ ፊት ስለመቆሙ ለልጅ የሚያሳይ ግን አንድ ጎማ እንኳ አይገኝም። ቁራሌው ከመዝጋቢው ቀድሟል፤ ብረቱም ቀልጦ የአዲሱ ፎቅ ፌሮ ሆኗል።

አሁን የታርጋ ሥርዓቱ በአገር አቀፍ ደረጃ እንደ አዲስ እየተቀየረ ነው። አንድ ዓምድ ለመጨመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገርም አይደለም፦ 40 ዓመት ያለፈው፣ ለንግድ የማይሠራ መኪና በቃለ ጉባኤና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ ሊብሬ እንዲያገኝ መፍቀድ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ያረጀ መኪና በጨረታ ከማስወገዱ በፊት የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አንድ ሰው ልኮ የሻንሲውን ቁጥር እንዲያስጽፍ ማድረግ። የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ተመትቶ የተቀረጸ ነው፤ ቀለም ተፍቆ፣ ሞተር ተለውጦ፣ ጋቢና ተቀይሮ እንኳ ይነበባል። የሚጠፋው ብረት ቆራጩ እሳቱን ሲለኩስበት ነው።