ድህነትና ገላ በፊሊፒንስ ሲኒማ

የፊሊፒንስን ሲኒማ በዓለም ያስጠሩት ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ያወጧቸው የፍቅርና የድብድብ ፊልሞች አይደሉም። በአነስተኛ ገንዘብ ተሠርተው ስለ ድሆች ሰፈር ኑሮና ስለ ገላ ንግድ የተናገሩት ናቸው። ድህነትና ወሲብ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ስለ ምን እንደ ተቆራኙ ለመረዳት ወደ 1970ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) መመለስ ያሻል።

ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ በ1972 ዓ.ም. ወታደራዊ ሕግ ካወጁ በኋላ ሳንሱሩ ጠበቀ። ባለቤታቸው ኢሜልዳ ማርኮስ ዋና ከተማዋ ማኒላ ያማረች ሆና እንድትታይ ይሹ ስለ ነበር፣ የውጭ እንግዶች በሚያልፉባቸው መንገዶች ዳር የድሆች ጎጆዎች በአጥር ይጋረዱ ነበር። ስለዚህም ካሜራን ከአጥሩ ወዲያ መትከል ራሱን የቻለ የፖለቲካ ተግባር ሆነ። በሌላ በኩል ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴ ትርፉን ይጠብቃል፤ ተመልካችን ወደ አዳራሽ የሚስበው ደግሞ የተራቆተ ገላ መሆኑን ያውቃል። የፊልም አዘጋጆቹ በሳንሱርና በገበያ መካከል ቆመው ነበር ማለት ነው።

ከእነርሱም ቀዳሚው ሊኖ ብሮካ (1939–1991) ነው። በ1975 ያወጣው «ማኒላ በብርሃን ጥፍሮች ውስጥ» የተባለው ፊልም፣ ሥራና ትምህርት ይሰጥሻል ተብላ ከገጠር የተወሰደችውን ሊጋያን ፍለጋ ወደ ከተማ የገባ ሁሊዮ የተባለ ዓሣ አጥማጅ ወጣትን ይከተላል። ሁሊዮ በሕንፃ ሥራ ተቀጥሮ ሲደክም ተቆጣጣሪው ከደመወዙ ይሸርፍበታል፤ ሲቸግረውም ገላውን ለወንዶች ወደ መሸጥ ያዘነብላል። ሊጋያም የተሸጠች ሆና ትገኛለች። ቶንዶ በተባለው የድሆች ሰፈር የተሠራውና በ1978 በካን የፊልም በዓል የታየው «ኢንሲያንግ» (1976) ደግሞ፣ በእናቷ ውሽማ የተደፈረች ልጅ የምትወስደውን በቀል ያሳያል። በሁለቱም ፊልሞች ድሃው በእጁ የቀረው ሀብት ገላው ብቻ ነው።

ሳንሱሩን ያስቆጣው ምን እንደ ነበር ከኢሽማኤል በርናል ታሪክ ይታያል። በርናል በ1980 የሠራው «ማኒላ በሌሊት» ሴተኛ አዳሪዎችንና ዕፅ ወሳጆችን በግልጽ ያሳይ ነበር። ከተቆራረጠው ትዕይንት በተጨማሪ «ማኒላ» የሚለው ስም ራሱ ከርእሱም ከንግግሩም እንዲወጣ ታዘዘ፤ ፊልሙም ወደ በርሊን በዓል እንዳይሄድ ተከለከለ። ከኃጢአቱ ይልቅ የኃጢአቱ አድራሻ ያሳፈረ ይመስላል።

የማርኮስ አገዛዝ በ1986 ወደቀ። ከ2000 ወዲህ ርካሽ የዲጂታል ካሜራ ሲስፋፋ፣ በ2005 የተመሠረተው የሲኔማላያ በዓልም ለተመረጡ ሥራዎች መነሻ ገንዘብ መስጠት ሲጀምር፣ ያለ ስቱዲዮ መሥራት ቀለለ። በዚያው ዓመት ብሪያንቴ ሜንዶሳ ስለ አንድ ወጌሻ ወጣት በሠራው «ማሳሂስታ» በሎካርኖ ተሸለመ፤ በ2009ም «ኪናታይ» በተሰኘው ሥራው በካን የምርጥ አዘጋጅነት ሽልማት አገኘ።

ይሁን እንጂ ከክብሩ ጋር ወቀሳም መጣ። እነዚህ ፊልሞች የአገርን ድህነት ለባዕድ ተመልካች ይቸረችራሉ ተባለ። ወቀሳው በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ገላን ለማሳየት ብቻ ችግርን ሰበብ ያደረጉ ሥራዎች አሉና። የሚለየው ሚዛን ግን ፊልሙ ዋጋውን መቁጠሩ ነው፤ ማን እንደ ሸጠ፣ ማን እንደ ገዛ፣ በመካከሉ ማን እንደ በላ መናገሩ ነው። ሜንዶሳ በ2008 ባቀረበው «ሰርቢስ» ውስጥ አንድ ቤተሰብ በአንኸለስ ከተማ የወሲብ ፊልም በሚያሳይ አሮጌ ሲኒማ ቤት ይኖራል፤ በአዳራሹ ጨለማ ገላ ይሸጣል፣ የቤተሰቡም እንጀራ ከትኬቱ ይገኛል። በዚህ ሥራ ሲኒማው የሌሎችን ገበያ ከውጭ ሆኖ አልታዘበም፤ ራሱም የገበያው አንድ መደብር መሆኑን መስክሯል።