የባሕር ዐውሎ ነፋስና የደጋ እርሻ

በበጌምድር ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ ያለችው የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ትባላለች። ስሟ እንደሚያስረዳው ነፋስ ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ አይደለም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነውና ከላዩ የሚወርደው ነፋስ ገብሱን ያስተኛል፤ በክረምትም ከበረዶ ጋር ሲመጣ የዓመቱን ተስፋ በአንድ ሰዓት ያጠፋል። ገበሬው የነፋስን በጎነትም ያውቃል፤ በዐውድማ ላይ ምርቱን ከገለባው የሚለይለት ነፋስ ነውና። ዳሩ ግን ባሕርን ሳያይ ለሚኖር ለዚህ አገር ሰው የባሕር ዐውሎ ነፋስ ነገር ሲነገረው የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ይመስለዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሩቅ ወሬ ብቻ አለመሆኑን ከታሪክ ማስረዳት ነው።

የባሕር ዐውሎ ነፋስ በሦስት ስም ይጠራል። በሰላማዊ ውቅያኖስ፥ ማለት በፓሲፊክ፥ በምዕራብ በኩል በፊሊፒን፥ በቻይናና በጃፓን አጠገብ ሲነሣ ታይፉን ይባላል። በአትላንቲክና በአሜሪቃ ዙሪያ ሲነሣ ሃሪኬን፥ በሕንድ ውቅያኖስ ሲነሣም ሳይክሎን ይባላል። ስሙ ሦስት ይሁን እንጂ ባሕርዩ አንድ ነው።

አነሣሡም እንዲህ ነው። የባሕር ውኃ ከላይ ብቻ ሳይሆን እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ያህል ሲሞቅ፥ ሙቀቱም 27 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ፥ ከባሕሩ ብዙ እንፋሎት ይነሣል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ በቀዝቃዛው አየር ውስጥ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ከባሕሩ ይዞት የወጣውን ሙቀት ይለቃል። በዚህ ምክንያት አየሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ የሞቀውም አየር ወደ ላይ ሲወጣ በባሕሩ ፊት የአየሩ ክብደት ይቀንሳል። ወደ ጎደለውም ስፍራ ከዙሪያው ሌላ አየር ይሮጣል፤ እርሱም እንደ ፊተኛው እንፋሎት ተሸክሞ ይወጣል። ምድር ስለምትዞር ግን የሚሮጠው አየር በቀጥታ አይገባም፥ ይጠመዘዛል፤ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሲሆን የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል። የሚዞረው ነፋስ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ታይፉን የሚለውን ስም ያገኛል።

የዐውሎው መካከል ዐይን ይባላል። በዚያ ነፋሱ ጸጥ ይላል፥ ዝናሙም ያቆማል፥ ሰማዩም አንዳንድ ጊዜ ጠርቶ ይታያል። የማያውቅ ሰው ዐይኑ ሲደርስበት ዐውሎው ያለፈ መስሎት ከቤቱ ይወጣል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ብርቱው ነፋስ ከሌላው ወገን ይመጣበታል። የዐውሎው ስንቅ የባሕር ሙቀት ነውና ወደ የብስ ሲወጣ ስንቁ ይቋረጥበታል፤ ተራራም ይሰብረዋል። ስለዚህ ነፋስ ሆኖ እስከ ደጋችን የሚደርስ የባሕር ዐውሎ የለም። ነፋስ ሆኖ አይደርስም እንጂ በሌላ መልክ መድረሱን ኋላ እናያለን።

አስቀድሞ ግን ታይፉን በገዛ አገሩ የሚያደርገውን እንመልከት። በጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ሃይያን የተባለው፥ የአገሩ ሰዎች ግን ዮላንዳ ብለው የጠሩት ታይፉን፥ በፊሊፒን ደሴቶች ላይ ወረደ። ነፋሱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ነበረ ተገመተ። ዳሩ ግን ብዙውን ሰው የገደለው ነፋሱ አይደለም፥ ነፋሱ እየገፋ ያመጣው ባሕር ነው። ታክሎባን በምትባለው ከተማ ውኃው ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እስከ ቤቶቹ ጣራ ደረሰ። የአገሩ መንግሥት በጠቅላላው 6,300 ሙታን ቈጠረ፤ ከዚህም ሌላ ደብዛቸው የጠፋ ከ1,000 በላይ ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያ አለመጥፋቱ ነው። የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ዐውሎውን አይተውት፥ የሚመጣውንም ውኃ አስቀድመው ተናግረው ነበር። ነገር ግን ውኃውን የጠሩበት ቃል ከእንግሊዝ ቋንቋ የተወሰደ የሊቃውንት ቃል ነበረና ብዙው ሕዝብ አልገባውም። ከሞት የተረፉት ብዙዎች፥ እንደ ሱናሚ ያለ ውኃ ይመጣል ተብለን ቢሆን ኖሮ በሸሸን ነበር ብለው ኋላ መሰከሩ። የጆሮ መስማት ብቻውን መስማት አይባልም፤ ልብ ያልተረዳው ቃል ያልተነገረ ያህል ነው።

ይህን በተቃራኒው የሚያስረዳ ሌላ ታሪክ አለ። በኅዳር 1963 ዓ.ም. ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር የወረደው ሳይክሎን ከ300,000 የማያንስ ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ከየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን መርጦ አሠለጠነ፤ እነርሱም ዐውሎ ሲነገር ባንዲራ እየሰቀሉ፥ በድምፅ ማጉያም ባገሩ ቋንቋ እየጮኹ፥ ሰዉን ወደ ጽኑ መጠለያ መምራት ጀመሩ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሲድር የተባለው ብርቱ ሳይክሎን በዚያው አገር ሲወርድ የሞተው 3,000 ከሚበልጥ ሰው አላለፈም። ይህም ቍጥር በራሱ ታላቅ ሐዘን ነው፤ ነገር ግን ከፊተኛው ጋር ሲመዛዘን ልዩነቱን ያመጣው የነፋሱ መድከም ሳይሆን የሰው መንቃት መሆኑ ይታወቃል።

አሁን ወደ አገራችን የሚያደርሰውን መንገድ እንያዝ። በግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ ሳይክሎን ከዐረብ ባሕር ተነሥቶ በዑማን አገር በሰላላ ከተማ አጠገብ ወደ የብስ ወጣ። በሰላላ በአንድ ቀንና ሌሊት የወረደው ዝናም የሁለት ዓመት ዝናም የሚበልጥ ነበር። በጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባለ ሁለተኛ ሳይክሎን በየመን ምሥራቅ ወረደ። በነዚህ ሁለት ዐውሎዎች ምክንያት ሩብዕ አልኻሊ የተባለው፥ ማለት ባዶ ሩብ የሚባለው የዐረብ በረሃ ረጠበ፤ በአሸዋውም ኮረብቶች መካከል ውኃ ተኛ፥ ሣርም በቀለ።

በዚያ በረሃ ውስጥ ጥቂት አንበጦች ለየብቻቸው ይኖሩ ነበር። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። ደረቅ ሲሆን አንበጣው ብቸኛና ጕዳት የሌለው ፍጥረት ነው። ዝናም ሲገኝና ቍጥሩ ሲበዛ ግን እርስ በርሱ ከመነካካቱ የተነሣ ጠባዩም መልኩም ይለወጣል፤ ብቻውን መኖሩን ትቶ ሠራዊት ይሆናል። ቀድሞ የሊቃውንት ትምህርት ብቸኛውንና ሠራዊተኛውን ሁለት ልዩ ልዩ ፍጥረት ያደርጋቸው ነበር፤ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለ ሊቅ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1921 ገለጠ። ነቢዩ ኢዩኤልም ስለዚህ መቅሠፍት ሲናገር አራት ስም ይጠራል፤ አራቱም ስም የአንዱ አንበጣ የዕድገት ደረጃ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ።

በባዶው ሩብ ሰው አይኖርም፥ መንገድም የለም፤ ስለዚህ የሚሆነውን ያየ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ኋላ እንደ ገመተው፥ አንበጣው በዘጠኝ ወር ያህል ጊዜ ሦስት ትውልድ ተዋለደ፤ ቍጥሩም 8,000 እጥፍ ሆነ። ከዚያ ሠራዊቱ ተነሥቶ ወደ የመን ገባ። የመን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት የታመሰች አገር ስለ ነበረች አንበጣን የሚጠብቁትና የሚያጠፉት ሰዎች እንደ ቀድሞው ሊሠሩ አልቻሉም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ መንጋው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ወደ ሶማሌና ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። በኦሪት ዘፀአት አንበጣውን ወደ ግብፅ ያመጣው የምሥራቅ ነፋስ መሆኑ ተጽፏል፤ ወደ እኛም የመጣው በነፋስ ላይ ተጭኖ ከምሥራቅ ነው።

አንድ አንበጣ በቀን የሚበላው የገዛ ክብደቱን ያህል፥ ማለት ሁለት ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይጨርሳል። ነፋስ ሲረዳውም በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በ2012 ዓ.ም. መኸር ከበሽሎ ወንዝ ማዶ የወሎ ገበሬ ጅራፍ እያጮኸ፥ ጭስ እያጨሰ፥ ከልጆቹና ከጎረቤቱ ጋር እየጮኸ ማሳውን ሊያድን ታገለ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መንጋው መስተዋቱን ስለ ሸፈነበት ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ዞረ። መንግሥትና የምግብና የእርሻ ድርጅት አብረው ባደረጉት ምርመራ በኢትዮጵያ 200,000 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት ተጎዳ፤ ከ350,000 ቶን የሚበልጥ እህል ጠፋ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰውም ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከእህሉ ሁሉ ይልቅ የተጎዳው ማሽላ ነበር።

እንግዲህ ከሰላላ እስከ ጋይንት 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዐውሎው በዑማን አሸዋ ላይ ሞተ፤ ልጁ ግን ክንፍ አውጥቶ መጣ። አንበጣ ብርድ ስለሚከለክለው ደጋውን እምብዛም አይወድም፤ ነገር ግን የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ስለ ሆነ እንደ ደጋው በብርድ የተጠበቀ አይደለም። የአንዱ አገር እህል ሲጠፋም የጎረቤቱ ገበያ ይወደዳልና ጕዳቱ መንጋው ባላረፈበት ስፍራ ጭምር ይሰማል።

ከባሕር የመጣ ጥፋት ለበጌምድር አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረኃብ፥ ከሁሉ አስቀድሞ በከብት ዕልቂት የተነሣ ነው። በሽታው ለኢጣልያ ጦር ተብለው በባሕር ወደ ምጽዋ ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ ገባ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከምጽዋም ወደ ትግሬ፥ ወደ በጌምድር፥ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ተዛመተ። በሬ የሌለው ገበሬ በዶማ ሊቈፍር ሞከረ፤ በዚያ ላይ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። ያን ጊዜ በምጽዋ በር ላይ ከብቱ መታመሙን አይቶ ለደጋው የሚናገር አልነበረም፤ ቢናገርም መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበር። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1958 ደግሞ አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አጠፋ፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ምግብ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1962 የአካባቢው መንግሥታት በአዲስ አበባ ተስማምተው የምሥራቅ አፍሪቃ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን አቋቋሙ። ጥፋት ያስተማረው ትምህርት መሆኑ ነው። ነገር ግን መንጋ ለብዙ ዓመት ሳይመጣ ሲቀር ትጋት ይላላል፤ ገንዘቡም አውሮፕላኑም ያንሳል።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈታ እንደማይነሣ፥ ይህንም ታሪክ ሰምቶ ፍቺውን መተው አይገባም። መኩኑ ከወረደበት ቀን አንሥቶ የወሎ ማሳ እስከ ተበላበት መኸር ድረስ አሥራ ሰባት ወር ያህል አልፏል። ፊሊፒናዊው የነበረው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ እኛ ግን ከዓመት በላይ ነበረን። ክፉው ነገር በየደረጃው፥ በርጥብ አሸዋ ሳለ፥ ከዚያም ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ሳለ፥ በጥቂት ድካም ሊጠፋ ይችል ነበር። በክንፉ ከተነሣ በኋላ ግን ጅራፍና ጩኸት ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ከማባረር አያልፍም። ስለዚህ የጎደለን ጊዜ አይደለም፤ የሚያይ ዐይንና የሚያደርስ ቃል ነው።

ዛሬ ዐውሎ በባሕር ላይ ገና ሲፀነስ በሰማይ ከሚዞሩ መሣሪያዎች ይታያል፤ በረሃ መለምለሙም እንዲሁ ይታያል። ዐይኑ ተገኝቷል ማለት ነው። የቀረው ቃሉ ነው። በአገራችን ትልቅ ነገር ሲሆን በገበያ ቀን ነጋሪት ተጐስሞ ዐዋጅ ይነገር ነበር፤ ሰውም የሰማውን ወደየመንደሩ ይዞ ይመለስ ነበር። የአየር ጠባይ መርማሪው የሚያውቀው ነገር ሁሉ በነፋስ መውጫ፥ በወገዳ፥ በዐርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ ገበያ፥ በሰንበትም ከቅዳሴ በኋላ፥ ገበሬው በሚናገርበት አማርኛ ይነገር። የት ዝናም እንደ ጣለ፥ በስንት ሳምንት ምን ሊመጣ እንደሚችል፥ የደረሰው ሰብል ቶሎ ይታጨድ ወይስ ይቈይ እንደ ሆነ፥ በግልጥ ይባል። እንግዲህ ከሩቅ ባሕር ዐውሎ ተነሣ ሲባል ማንም ሰው የእኔ አይደለም ብሎ አይለፈው፤ ወዴት እንደ ዘነበ ይጠይቅ።