ኔጌቲቭና ክፍልፋይ አርቢዎች በሳይንሳዊ ካልኩሌተር

ኔጌቲቭና ክፍልፋይ አርቢዎችን በሳይንሳዊ ካልኩሌተር ማስላት ማለት እንደ 5⁻³ ወይም 8^(2÷3) ያሉ ርቢዎችን ዋጋ በማሽን ማግኘት ነው። አርቢው ፖዘቲቭ ድፍን ቁጥር ሲሆን መሠረቱ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ እንደሚባዛ ይናገራል፤ 5³ ማለት 5×5×5፣ ማለትም 125 ነው። አርቢው ኔጌቲቭ ወይም ክፍልፋይ ሲሆን ግን የመደጋገም ፍቺ ስለማይበቃ ማሽኑም በሌላ መንገድ ያሰላዋል። ተጠቃሚዎች የሚገጥሟቸው አብዛኞቹ ስህተቶችም ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ትርጉም

ሁለቱም ዓይነት አርቢዎች ፍቺያቸውን የሚያገኙት መሠረታቸው አንድ የሆነ ርቢዎች ሲባዙ አርቢዎቻቸው ይደመራሉ ከሚለው ሕግ ነው። 5³ × 5⁻³ = 5⁰ = 1 እንዲሆን 5⁻³ የ125 ተገላቢጦሽ፣ ማለትም 1÷125 ወይም 0.008 መሆን አለበት። 8^(1÷3) ደግሞ ሦስቴ ተባዝቶ 8ን መስጠት ስላለበት የ8 ሣልስ ዘር፣ ማለትም 2 ነው። በክፍልፋይ አርቢ ታሕቱ ዘሩን፣ ላዕሉ ርቢውን ያመለክታል፤ ስለዚህ 8^(2÷3) = 2² = 4፣ 8^(−2÷3) ደግሞ 1÷4 = 0.25 ይሆናል።

ታሪክ

ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን በክፍልፋይ አርቢዎች ተጠቅሟል። የአገሩ ሰው ኒኮላ ሹኬ እ.ኤ.አ. በ1484 በጻፈው የሒሳብ ሥራው ዜሮና ኔጌቲቭ አርቢዎችን አስገባ። እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1656 የሁለቱንም ትርጉም አብራራ፤ አይዛክ ኒውተንም እ.ኤ.አ. በ1676 በላካቸው ደብዳቤዎች ዛሬ በምንጽፍበት መልክ ተጠቀመባቸው። የመጀመሪያው በእጅ የሚያዝ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር፣ የሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ-35፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በ395 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ የርቢ ቁልፍ ነበረው።

አጠቃቀም

በአብዛኞቹ ዘመናዊ ካልኩሌተሮች 5⁻³ን ለማስላት 5፣ የርቢው ቁልፍ (^)፣ የኔጌቲቭ ምልክቱ (−)፣ 3 እና = በቅደም ተከተል ይጫናሉ። የኔጌቲቭ ምልክት ቁልፍና የመቀነሻ ቁልፍ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጫን በአንዳንድ ማሽኖች የስህተት መልእክት ያስከትላል። በቆዩ ሞዴሎች ደግሞ ምልክቱን የሚቀይረው ቁልፍ (+/−) የሚጫነው ከቁጥሩ በኋላ ነው።

ክፍልፋይ አርቢ በቅንፍ መታሰር አለበት። ማሽኑ ርቢን ከማካፈል ስለሚያስቀድም 8^2÷3 ተብሎ ቢጻፍ 64ን ለ3 አካፍሎ 21.33 ገደማ ይሰጣል፤ 8^(2÷3) ግን 4 ነው። አርቢውን ከፍ ባለ ሳጥን ውስጥ የሚያስጽፉ ሞዴሎች ይህን ቅንፍ አይፈልጉም፤ ከሳጥኑ ለመውጣት ግን የቀስት ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ምክንያት −2^2 በአብዛኞቹ ካልኩሌተሮች −4፣ (−2)^2 ግን 4 ይሆናል። የኤክሴል ሰንጠረዥ በተቃራኒው ምልክቱን ስለሚያስቀድም ለሁለቱም 4 ይሰጣል።

«ኢኤክስፒ» ወይም «ኢኢ» የሚል ጽሑፍ ያለው ቁልፍ የርቢ ቁልፍ አይደለም፤ ቁጥሩን በ10 ርቢ ያባዛል። በእሱ 5 እና −3 ሲገቡ ውጤቱ 5×10⁻³ = 0.005 እንጂ 0.008 አይደለም።

አንድ ሦስተኛን አሳጥሮ 0.33 ብሎ ማስገባትም መልሱን ያዛባል፤ 8^0.33 ወደ 1.986 ይጠጋል እንጂ 2 አይሞላም።

ውስጣዊ አሠራር

አርቢው ድፍን ካልሆነ ማሽኑ በተለምዶ የመሠረቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በአርቢው ያባዛና ወደ ርቢ ይመልሰዋል። ለ8^(2÷3) የ8 ሎጋሪዝም 2.0794 ገደማ ነው፤ በ2÷3 ሲባዛ 1.3863 ይሆናል፤ 2.71828 ገደማ የሆነው የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት በዚህ ቁጥር ሲረባ 4ን ይሰጣል። ብዙ ካልኩሌተሮች ለእንዲህ ዓይነት ስሌት የሚጠቀሙት ጃክ ቮልደር እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተመው፣ ኮርዲክ ከሚባለው የመደመርና የአሃዝ ማሸጋሸግ ዘዴ የመነጨ ነው።

ኔጌቲቭ መሠረት

ኔጌቲቭ ቁጥር በእውን ቁጥሮች ውስጥ ሎጋሪዝም የለውም። ስለዚህ (−4)^(1÷2) የስህተት መልእክት ያስከትላል። የ−8 ሣልስ ዘር ግን −2 ነው፤ ብዙ ማሽኖች የአርቢው ታሕት ኢተጋማሽ መሆኑን ለይተው (−8)^(1÷3)ን በትክክል ይመልሳሉ። አርቢው 0.3333 ተብሎ ከገባ ግን 3333÷10000 ስለሚሆንና ታሕቱ ተጋማሽ ስለሆነ ማሽኑ ስህተት ያሳያል። (−8)^(2÷3)ን አንዳንዱ 4 ሲል ሌላው ስለማይቀበለው፣ መጀመሪያ ዘሩን አውጥቶ ውጤቱን በ2 ማርባት ለሁሉም ያስተማምናል። ዜሮ በኔጌቲቭ አርቢ ለዜሮ ማካፈል ስለሆነ በየትኛውም ማሽን እውን መልስ የለውም።

ጠቀሜታ

በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ መሠረት ማርስ ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት የመሬት 1.524 እጥፍ በመሆኑ ዓመቷ 1.524^(3÷2)፣ ማለትም 1.88 የመሬት ዓመት ገደማ ነው። በፒያኖም የተጎራባች ድምፆች ድግግሞሽ ንጽጽር 2^(1÷12)፣ ማለትም 1.0595 ገደማ ነው። መልስን ለማረጋገጥ ቀላል መለኪያ አለ፤ ከ1 የሚበልጥ መሠረት በኔጌቲቭ አርቢ ሲረባ ውጤቱ ሁልጊዜ በ0 እና በ1 መካከል ነው፤ ኔጌቲቭ ቁጥር ከወጣ ምልክቱ ያለቦታው ገብቷል።